በአንድ ዓይን የሣለችኝ

ቁጡ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በቁጣዬ ያላስቀየምኩት ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። እንዲያውም አፌን የከፈትኩት «የመሪጌታ ፈንታሁን ልጅ አባቷን ይሁዳ አድርጋ ሣለችው» እያሉ በየጠላ ቤቱ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ሐሰት ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል፤ እኔም ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሠዓሊ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ። ከጉና ግርጌ እስከ ደብረ ታቦር ባሉት አድባራት ሠላሳ ስምንት ዓመት ቅዱሳንን ስሥል ኖሬያለሁ። ሥዕላችን ሕግ አለው። ጻድቅ ሲሣል ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጥእ ሲሣል ግን በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳ በአንድ ዓይን፣ ጌታን የገረፉት በአንድ ዓይን፣ ዲያብሎስም እንደዚያው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሳይቀር ግድግዳውን አይቶ ደጉን ከክፉው ለይቶ ይነግራችኋል። ይኼን ሕግ ከአባቴ ተማርኩ፣ ለልጄ ለአዲስዓለምም አስተማርኳት። ያስተማርኳት በጥፊ ነው።

እናቷ ዘነበች የሞተችብኝ አዲስዓለም ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ሌላ አላገባሁም፤ ማን ይችለኛል? ሕፃኗን በሄድኩበት ሁሉ በበቅሎ ይዣት እዞር ጀመር። ቀለም መፍጨት የለመደችው ሀሁ ሳትል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ቅዱስ ጊዮርጊስን በካርቶን ቁራጭ ላይ ሣለችና እየሮጠች አመጣችልኝ። ፈረሱ ያምራል፣ ጦሩ ያምራል፤ ሰማዕቱ ግን በጎኑ ነው። «የጻድቅን ፊት በአንድ ዓይን?» ብዬ በጥፊ አጮልኳት፤ ካርቶኑንም እሳት ውስጥ ወረወርኩት። አላለቀሰችም። «እሺ አባዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች። ከዚያ ወዲህ ለክፉ ሰው ካልሆነ በቀር ፊት በጎኑ ሥላ አታውቅም። ይቺን ያዙልኝ።

ሥራችን እንዲህ ነው። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አንሥለውም። ቤታችን ውስጥ አቡጀዲ ወጥረን፣ ጄሶና ሙጫ ቀብተን፣ እዚያው ሥለን እንጨርሰዋለን። ከዚያ ጠቅልለን በበቅሎ ወስደን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ከተለጠፈ በኋላ መጋጠሚያውን ለመሸፈን፣ ዙሪያውን የሐረግ ጌጥ ለመጣል፣ ጽሑፉን ለመጻፍ ሳምንት ሁለት ሳምንት መሰላል ላይ እንውላለን። ካህናቱ ሴት ልጅ መሰላል ሥር እንድትቆም አይፈቅዱም። ስለዚህ አዲስዓለም የቀለም ጣሳዎቹን ይዛ በጎን በኩል ባለው በሴቶቹ በር ትቆማለች። እኔ «ቀይ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ዲያቆኑ ከሷ ተቀብሎ ያመጣልኛል። ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ እንዲህ ነበር የምንሠራው።

አሁን ኃጢአቴን ልንገራችሁ። የጽድ አምባ ማርያም ሰዎች የእመቤታችንን ሥዕል ሲያዝዙኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ልብሱን ሠራሁ፣ ሕፃኑን ሠራሁ፤ ፊቷን ግን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት። አዲስዓለም ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ናት። «አባዬ፣ እስቲ እኔ ልሞክረው» አለችኝ። «አርፈሽ ተቀመጪ!» ብያት ገበያ ወጣሁ። ስመለስ የእመቤታችን ፊት አልቆ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ ፊት በዕድሜዬ ሥዬ አላውቅም። ዓይኖቿ ያዩኛል፤ የማደርገውን ሁሉ አውቀው የሚያዝኑልኝ ይመስላሉ። ለልጄ ግን ምን አልኳት? «ደህና ነው» አልኳት። ይኸው ነው። ደህና ነው! ምላሴ በተቆረጠ።

ሥዕሉ ተለጥፎ ሥራው ባለቀ ማግሥት የማርያም ንግሥ ነበር። ከግርጌው እንደ ደንቡ «ሠዓሊ መሪጌታ ፈንታሁን» ብዬ ጽፌአለሁ። ሕዝቡ እልል አለ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ መልካሙ ደግሞ ነገር ቆፍሮ ማውጣት የሚወዱ ሰው ናቸው። ጧፍ አስጠግተው ፊቱን አዩት፣ አዩት፣ አዩትና፣ «መሪጌታ፣ ይኼ የእርስዎን እጅ አይመስልም። የሴት እጅ ነክቶታል እንዴ?» አሉኝ። ልጄ ያን ጊዜም በሴቶቹ በር ቆማለች፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ አጣፍታ ታየኛለች። «አዎ፣ የልጄ እጅ ነው» ብል ምን ነበረበት? ያጉረመርሙ ነበር፣ ሰንብተው ይለምዱት ነበር። እኔ ግን ስሜ የሚወርድ፣ ሥራዬን የሚቀሙኝ መሰለኝ። «እግዚኦ ይበሉ ቄሰ ገበዝ! የሴት እጅ አልነካውም!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው፤ እበሩ ድረስ እንዲሰማ። ዘወር ብዬ ሳያት ዓይኗን ከላዬ አላነሳችም ነበር።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ተፈትና አለፈች። ስትሄድ «አባዬ፣ ይመርቁኝ» ብላ ጉልበቴን ሳመች። «የሚመርቅሽን እዚያው ፈልጊ» አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አራት ዓመት ሙሉ ሳንነጋገር ቀረን። እሷማ በዩኑስ በኩል ትደውል ነበር። ዩኑስ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጨርቅ የሚነግድ የልብ ወዳጄ ነው፤ አቡጀዲ የምገዛው ከሱ ነው። «መሪጌታ፣ ልጅዎ በስልክ ትፈልግዎታለች» ሲለኝ «የለም በላት» እለዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ! ድንቄም አባት። ስልኩን ዘግቶ «አላህ ልብዎን ያራራው» ይለኝና ጨርቁን መለካት ይቀጥላል።

በመስከረም መጨረሻ ዩኑስ ሰው ልኮ አስጠራኝ። «ዛሬስ የለሁም አይሉም» አለኝ። «አዲስዓለም ተመርቃለች። ከሥዕል ትምህርት ቤት የወጡ ጀማሪዎች ሥዕላቸውን በመኪና ጭነው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሊያሳዩ ነው። ገና ስም የላቸውም፤ ሰው እንዲያውቃቸው ነው አሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ እኛ ከተማ፣ ከዚያ ጎንደር። የሷም ሥዕል አለ። ‹አባዬ ቅዳሜ አራት ሰዓት ይድረሱልኝ። መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ እጃቸውን ይዤ ራሴ ነኝ የማሳያቸው፤ ቀድመው እንዳይገቡብኝ አደራ› ብላለች።»

እጄን ይዛ! አራት ዓመት ያበጠው ኩራቴ እንደ ፊኛ ተነፈሰ። ጋቢዬን አሳጠብኩ፣ ጢሜን አስተካከልኩ። ከዚያ የአባቴን የቀለም መፍጫ መጅ ከመደብ ሥር አወጣሁ። አዲስዓለም በዚያች ድንጋይ ነው ያደገችው፤ ትንሽ ሳለች አቅፋት ትተኛ ነበር። «ይኸው፣ ከእንግዲህ ያንቺ ነው» ልላት ነው ያሰብኩት። ይቅርታ ማለት ለማያውቅበት ሰው ድንጋይ መስጠት ይቀለዋል።

ቅዳሜ ዶሮ ሲጮኽ ተነሳን። ከጎረቤቴ ከባዩ ጋር ነኝ፤ ልጅነታችንን አብረን የበላን፣ አፉ ዝም የማይል ሰው ነው። ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ ወርደን ሚኒባስ እንያዝ ስለው፣ «ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ አይደል የሚረፍድብን? በአቋራጩ እንውረድ» አለኝ። እሺ አልኩት። በአቋራጩ ስንወርድ ከተማው የገባነው በወዲያኛው ጫፍ ነው፤ መናኸሪያውን ሳናይ አዳራሹ በር ላይ ደረስን። «መጀመሪያ መናኸሪያ እንሂድ፤ ልጄ እዚያ ናት» አልኩት። «ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ ውርጭ ላይ ምን ልንሠራ ነው? ገባ ብለን አይተን እንሄድላታለን» አለኝ። አደራዋ ጆሮዬ ላይ አለ። ግን ቸኮልኩ። የልጄን ሥዕል ለማየት ቸኮልኩ። እሱም ኃጢአት ሆኖ ተቆጠረብኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሥዕሎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ሰቅለዋቸዋል። ተማሪው ብዙ ነው፤ ነጠላ የለበሱ ባልቴቶችም፣ ከገበያ የመጡ ነጋዴዎችም አሉ። ከመግቢያው ያለው ሸራ ቢጫ ብቻ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቢጫ። «ይኼኛው ሳይጨርሰው ነው የጫኑበት» አለ ባዩ። ቀጥሎ አንዲት ላም ጣራ ላይ ቆማለች። «ማን አወጣት? ማንስ ያወርዳታል?» አለ። ሳቅን። እኔ በሕዝብ መሐል ከሳቅሁ ስንት ዘመኔ!

ከወዲያኛው ግድግዳ፣ ቁመቴን በሚያህል ሸራ ላይ፣ ራሴን አየሁት። እኔው ነኝ። ጥምጣሜ፣ ቆልመም ያለው አፍንጫዬ፣ ብሩሽ የጨበጠ ቀኝ እጄ፣ አውራ ጣቴ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። ሰው እንዲህ አድርጎ ይሥላል? ቀርበው ቢያዩት ይተነፍሳል። ግን በጎኔ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለኝ።

በጋቢዬ ጫፍ ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁት።

«አንተ ፈንቴ!» አለ ባዩ፤ ቀስ ብሎ መናገር መቼ ያውቅበታል? «ይኼማ አንተ ነህ! ምነው ታዲያ በአንድ ዓይን? ይሁዳ አደረገችህ እኮ!» ሰው ሁሉ ዞሮ ሥዕሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። አንዲት ባልቴት አማተቡ። ሁለት ተማሪዎች ሳቁ።

ሌላ ሰው ቢሥለኝ «የከተማ ልጅ ምን ያውቃል» ብዬ ባለፍኩት። አዲስዓለም ግን ታውቃለች። በጥፊ አስተምሬያታለሁ። አይለምደኝም ብላኛለች። ስለዚህ ይኼ ፍርድ ነው አልኩ። ጽድ አምባ ላይ የካድኳትን በዓለም ላይ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን፤ እሷ በአራት ከተማ አዙራ አወጀችው አልኩ። እጄን ይዛ የምታሳየኝ ይኼን ኖሯል! ከሥዕሉ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ጽሑፏ ጥቃቅን ነው፤ መነጽሬን አልያዝኩም። ብይዝስ መች አነባት ነበር?

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል፤ ያየ ሰው ሐሳቡን ይጽፍበታል። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ብላ «አባባ፣ እርስዎም አስተያየትዎን ይጻፉልን» አለችኝ። ጻፍኩላት። የቁም ጽሕፈት ነው የምጽፈው፤ ደምቆ ከሩቅ ይነበባል። «እኔ ልጅ የለኝም። መሪጌታ ፈንታሁን።» ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ። ባዩ እየሮጠ ተከተለኝ፤ በመጣንበት አቋራጭ ተመለስን። መጇ ከረጢቴ ውስጥ ሆና ጎኔን ትደቃኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዩኑስ ጥቅል ሸራ በበቅሎ ጭኖ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ጉና ሲወጣ ነገሩ ቀላል አይደለም። «ልጅቷ እስከ ስድስት ሰዓት መናኸሪያ ቆመች» አለኝ። «የመጣው ሚኒባስ ሁሉ በር ላይ እየሄደች፣ የወረደውን ሰው ሁሉ እያየች። ከዚያ አዳራሽ ስትመለስ መዝገቡን አሳዩዋት። ከጓደኞቿ ጋር ወደ ጎንደር አልሄደችም። ሥዕሉን ከእንጨቱ ነቅላ፣ ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። ‹ለአባዬ ያድርሱልኝ። ካልፈለጉት ሸራው ጥሩ ነው፤ መልአክ ይሣሉበት› አለችኝ። ይቺን መጽሐፍም ጨምራለች፤ የዞሩት ልጆች ሁሉ ያሉበት ነው። መሪጌታ፣ በአላህ፣ አንድ ጊዜ ያንብቧት።»

«አልፈልግም» አልኩ። መጽሐፏን ሳጥን ውስጥ ወረወርኳት። ዩኑስ የቀረበለትን እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

በዚያ ሰሞን ቄሰ ገበዙ ላኩብኝ። ክረምቱ የጽድ አምባን ጣራ በስቶ፣ የመቅደሱን በር የሚጠብቀው ሚካኤል ሻግቶ ወርዷል፤ ለኅዳር ሚካኤል አዲስ ይድረስ ተባለ። አቡጀዲ ከገበያው ጠፍቷል፤ መንገድ ተዘግቶ ዕቃ አልገባም። ሸራው ጥሩ ነው ብላ የለ? ፈታሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ብል ውሸት ነው፤ አይቼ ነው። አሸዋ ነስንሼ፣ ለሷ ልሰጣት በነበረችው በዚያችው መጅ ፈገፈግሁት። ከፊቱ ጀመርኩ። ከዓይኑ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ስደርስ ደከመኝና ተውኩት። ጄሶ ቀባሁት፤ በላዩም ሚካኤልን ሰይፉን መዝዞ፣ በሁለት ዓይኑ አድርጌ ሣልኩት። በበዓሉ ዋዜማ ለጠፍነው። በማግሥቱ እልል ተባለ፤ እኔም ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ጠላዬን ጠጣሁ።

ያቺን መጽሐፍ ያገኘኋት በዐቢይ ጾም ነው። ኮርቻ ልሰፋ ብዬ ሳጥኑ ውስጥ ወስፌ ስፈልግ እጄ ላይ መጣች። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር። ገለጥኳት። ላሟን ጣራ ላይ ያወጣት ልጅ አለ። ቢጫው ሰውዬ አለ። ከዚያ እኔ አለሁ፤ መዳፍ በምታህል ፎቶ። ከሥሬ እንዲህ ይላል፦

«ከሴቶቹ በር። ሠዓሊ አዲስዓለም ፈንታሁን። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። መሰላላቸው ሥር መቆም ስለማይፈቀድልኝ ቀለማቸውን ይዤ የምቆመው በሴቶቹ በር ነበር። ከዚያ ሆኜ አሥር ዓመት ያየሁት ይህንን ፊት ነው። በጎን የሚሣለው ክፉ ሰው እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የምወደው ፊት የለኝም። ሥዕሉን ሲያዩ እንዳይከፋቸው አጠገባቸው ቆሜ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጄ ያዘው እንጂ ልቤ አልያዘውም። ባዩን ከማሳው ጠርቼ፣ ሳልነግረው ጽድ አምባ ወሰድኩት። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ሰው የለም። «ግባና ሚካኤል ፊት ቁም። ብሩሽ እንደያዘ ሰው እጅህን አንሳ» አልኩት። «አብደሃል ወይ ፈንቴ?» አለ፤ ግን ገብቶ ቆመ። እኔ ዞሬ በሴቶቹ በር ቆምኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ከዚያ በር ቆሜ አላውቅም።

የባዩ ራስ ታየኝ። አፍንጫው ታየኝ። የተነሳው ቀኝ እጁ ታየኝ። አንድ ዓይኑ ታየኝ። ሌላው ዓይኑ ከወዲያ ነው፤ ከዚያ በር ሊታይ አይችልም። «ቀይ!» እያልኩ ስጮህባት፣ ፊቴን አንዴ እንኳ ወደ እሷ ሳልመልስ፣ አሥር ዓመት ቆማ ያየችው ይኼን ነው። ከዚያ በር ሆና አባቷን የምታይ ልጅ፣ ሌላውን ዓይን ከየት ታምጣው?

ደፉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባዩ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ዝም አለ።

በማግሥቱ ደብረ ታቦር ወርጄ ዩኑስ ሱቅ ገባሁ። «ደውልልኝ» አልኩት። ደወለና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

«አባዬ?» አለች፤ ገና ሳልናገር። አተነፋፈሴን ታውቀዋለች።

«አዲሴ፣ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት» አልኳት። «አሁን ገና አየሁት። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ዩኑስ ፊቱን ወደ ጨርቆቹ አዞረ።

«ቂም የለኝም አባዬ» አለችኝ። «ግን ያ የጻፉት ነገር... ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር ሸራው ላይ ያ የቁም ጽሕፈትዎ ይታየኛል። እጄ እንቢ አለኝ። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ከሥራዎቼ ለሰው ያልሰጠሁት፣ የኔ የምለው ያ አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ። አብረን ቆመን እንየው። እንዳሰብኩት እጅዎን ይዤ ላሳይዎት። ምናልባት ያኔ እጄ ይመለስልኝ ይሆናል። አባዬ፣ ሥዕሉ አለ አይደል?»

ዩኑስ ዘወር ብሎ አየኝ። በዓይኑ «አለ ይበሏት» ይለኛል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ዋሽቼ ያገኘሁትን አይቻለሁ።

«የለም» አልኳት። «ፈግፍጌ ሚካኤልን ሣልኩበት።»

«ፊቱንም?»

«የጀመርኩት ከፊቱ ነው።»

ከጀርባዋ የፎቶ ኮፒው ማሽን ሲሠራ ይሰማኛል፤ አንድ ወረቀት፣ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ወረቀት።

«ሚካኤልን በሁለት ዓይን ነው የሣሉት?»

«በሁለት ዓይን።»

«ደህና ነው» አለችኝ።

ያኔ ለእመቤታችን ፊት እኔ የሰጠኋትን ቃል ነው የመለሰችልኝ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ዩኑስ ደጋግሞ ሞከረ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ «ጥሪ አይቀበልም» ነው የሚለው። ፋሲካ መጣ፤ ሄደ። መናኸሪያ ወርጄ ሦስት ቀን ቆምኩ። የመጣው ሚኒባስ ሁሉ በር ላይ ሄጄ የወረደውን ሰው ሁሉ አየሁ።

የግንቦት ልደታ ለት ጽድ አምባ ሄድኩ። መጽሐፏ ውስጥ ባለችው ፎቶ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ጥግ ላይ ፊርማ አይቼ ነበር፤ ያቺን ጥግ ደግሞ ደክሞኝ አልፈገፈግኋትም። ቅዳሴው እንዳለቀ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ሚካኤል ፊት ተንበርክኬ ጩቤዬን አወጣሁ። ከመልአኩ እግር ሥር ቀለሙን ቀስ አድርጌ ፋቅሁት። ጄሶው እየተቀረፈ ወረደ። ከሥሩ የልጄ ጽሑፍ ወጣ፦ «አዲስዓለም ፈንታሁን።» እኔ ስሟን ከግድግዳ አስቀረሁት፤ እሷ ግን ስሜን ከስሟ አስከትላ በአራት ከተማ ይዛው ዞራለች።

«መሪጌታ! ምን እያበላሹ ነው?» ቄሰ ገበዝ መልካሙ ጧፋቸውን ይዘው መጡ። ጎንበስ ብለው አነበቡት። «ይኼ የማን ስም ነው?»

«የልጄ ነው። ሸራው የሷ ነው። በሥዕሏ ላይ ደርቤ ነው ሚካኤልን የሣልኩት።»

«እንዴ! የሴት እጅ ነክቶታል ማለት ነው?»

«ነክቶታል» አልኩ። ተነስቼ ቆምኩ። እበሩ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። «ያቺን የምትሳለሟትን የእመቤታችንን ፊት የሣለችውም ልጄ አዲስዓለም ናት። ያን ቀን በፊታችሁ ዋሽቻለሁ። እጁ የሷ ነው።»

ቄሰ ገበዙ ጧፋቸውን ወደ እመቤታችን ሥዕል አዞሩ። እኔ ወደ ሴቶቹ በር ዘወር አልኩ። ሴቶቹ ተጨናንቀው ቆመዋል፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው አጣፍተው ያዩኛል። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። ልጄ የለችም።